ሚስ፣ ጨረስኩ!

መዋዕለ ሕፃናት ለማስተማር ኮሌጅ ገብቼ እየሠለጠንኩ ነው ስል በሳቅ የፈነዳችው አክስቴ ናት። «ልጅ ማጫወት ደግሞ ዲፕሎማ አለው እንዴ?» አለች፣ ቡናዋን እየቀዳች። ስድስት ልጆች አሳድጋለች፤ አንድም ቀን አሳይመንት ሠርታ አታውቅም። እኔም የተማርኩትን መዘዝኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው ለቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ እንዳወጡ አስረዳኋት።

«ሦስት ሚኒስቴር ሆነው ነው አንድ ልጅ የሚያጫውቱት?» አለችና እንደገና ሳቀች። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

በዚህ ሙያ ወንዶች በጣት የምንቆጠር ነን። ለተግባር ልምምድ የተመደብኩበት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ደግሞ ከዘበኛው ቀጥሎ ያለሁት ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለልጆቹ አስተማሪ ማለት «ሚስ» ነው። እኔም ገና ከበሩ ስገባ ሚስ ሆንኩ። «ቲቸር በሉኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ትንሽ «ሚስ ቲቸር» አሉኝና ሰለቻቸው። አንዷማ ጭኔ ላይ ወጥታ ፊቴን በመዳፏ ስትዳስስ ቆየችና «ሚስ፣ ጢምሽ ይዋጋል» አለችኝ። በማግስቱ ተላጭቼ ሄድኩ። ምን ላድርግ?

አሁን ጉድ ወደሠራኝ የጠርሙስ ቆርኪ ልምጣ።

ኮሌጅ ውስጥ ሲነገረን የሚውለው «የትምህርት መርጃ መሣሪያ በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ቁስ ሥሩ» የሚል ነው። ባዶ ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ቆርኪ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። የመዋዕለ ሕፃናት አባት የሚባለው ጀርመናዊ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 ሥራውን ሲጀምር ለሕፃናቱ የሱፍ ኳስና ከእንጨት የተጠረቡ ቅርጾች አሠርቶ ነበር። እሱ እንጨት ጠራቢ አጠገቡ ነበረው። እኔ አጠገብ ያለው ግሮሰሪ ነው።

ለአስተናጋጇ «የወደቀውን ቆርኪ ሁሉ አስቀምጪልኝ» አልኳት። «ምነው፣ ሽልማት ወጣበት?» አለች። ይህን የሰማ አንድ ጠጪ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር መልቀም ጀመረ። ሌላውም ተከተለው። ለሕፃናት መቁጠሪያ ነው ብል ማን ያምነኛል? ይባስ ብለው የሆነ ነገር እንደደበቅኳቸው ጠረጠሩ። ግማሹ ቆርኪ በሽልማት ፈላጊዎች ኪስ ገባ፣ ግማሹን እኔ በፌስታል ይዤ ወጣሁ።

ቤት ወስጄ በበረኪና አጠብኩት። የቆርኪ ጠርዝ ደግሞ ጣት ይቆርጣል። ስለዚህ ማታ ማታ ክፍሌን ዘግቼ ጠርዙን በመዶሻ ማስተኛት ያዝኩ። ኳ! ኳ! ኳ! እናቴ በሩን ስታንኳኳ መዶሻዬን አልጋ ሥር እወረውራለሁ፤ ማስረዳቱ ራሱ ሥራ ነው። አንድ ቀን ግን ትምህርት ቤት በሄድኩበት አልጋዬን ልታጸዳ ገብታ ፌስታሉን አገኘችው።

ማታ ስመለስ የንስሐ አባታችን ሳሎን ተቀምጠዋል። እማዬ ዓይኗ ቀልቷል። ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ እንደ ኤግዚቢት ተቀምጧል።

«ልጄ፣» አሉ አባ፣ አንዱን ቆርኪ በሁለት ጣት አንስተው፣ «ይህን ሁሉ በስንት ጊዜ ነው?»

«አባ፣ የእኔ አይደለም። ለሕፃናት ነው።»

እማዬ «ለሕፃናት?!» ብላ ደረቷን መታች።

አባ መስቀላቸውን አወጡ። አራትና አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ቁጥር በእጃቸው እየነኩ መማር እንዳለባቸው፣ ቁጥር በቃል ማነብነብና መቁጠር እንደሚለያዩ፣ አንድ ቆርኪ ሲነሳ «አንድ» እየተባለ እንደሚለመድ ደረጃ በደረጃ አስረዳሁ። ስፈተን እንኳን እንዲህ አጥርቼ አልመለስኩም። አባ በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ ወደ እማዬ ዞር ብለው «ለማንኛውም ሰባት ቀን ፀበል ይጠመቅ» አሉ።

ተጠመቅኩ። ፀበሉ ይበርዳል።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ሱፐርቫይዘራችን ዶክተር ናቸው፤ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው መጡና ከኋላ በኩል በልጆች ወንበር ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ያዘጋጀሁት ዕቅድ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናውን የስዊዘርላንዳዊውን ሊቅ የዣን ፒያዤን ታዋቂ ሙከራ የሚከተል ነበር። አምስት ቆርኪ በአንድ ረድፍ፣ አምስት ቆርኪ ከሥሩ ትይዩ ይደረደራል። ልጁ «እኩል ናቸው» ይላል። ከዚያ የታችኛውን ረድፍ ሰፋ አድርገህ ትዘረጋዋለህ። እንደ ፒያዤ ከሆነ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ረድፍ ይበልጣል ይላል፤ ዓይኑ ርዝመቱን እንጂ ብዛቱን አይዝም።

ደረደርኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ፀጉሯን ቁጥርጥር የተሠራች አንዲት ልጅ ተነሳች። «ሚስ! ይሄ የአባዬ ነው!»

«አይደለም፣ ይህ የመማሪያ…»

«የአባዬ ነው! የአንበሳው ሥዕል አለው!»

ሌላው ልጅ ደግሞ «የእኔ አባት ይሄን አይጠጣም፣ ቢጫውን ነው» ሲል አስተካከለ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ቀለጠ። የማን አባት የትኛውን እንደሚጠጣ፣ የት እንደሚጠጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ተዘረዘረ። ዶክተሩ ይጽፋሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ትምህርቱን ላድን ብዬ «እሺ፣ እስቲ ስንት ናቸው?» አልኩ።

አንዱ ረጋ ብሎ መለሰ፤ «አባዬ ሁለት ነው ይላል። እማዬ ስድስት ነው ትለዋለች።»

ይህን ፒያዤ አላጠናውም።

እንደ ምንም የታችኛውን ረድፍ ዘረጋሁና ጠየቅኩ። ብዙዎቹ መጽሐፉ እንደሚለው «የታችኛው ይበልጣል» አሉ። ደስ አለኝ። ከጥግ ግን አንዱ ልጅ «እኩል ነው» አለ። «እንዴት አወቅክ?» ስለው በትዝብት አየኝ። «አንቺ እኮ ነሽ የገፋሽው።»

እዚህ ላይ ልጁን ላመስግነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማክጋሪግልና ዶናልድሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሙከራ ሠርተውት ነበር። ረድፉን የሚያበላሸው አዋቂው ሳይሆን «ባለጌ» የተባለ የድብ አሻንጉሊት እንዲሆን አደረጉ። ያን ጊዜ በትክክል የመለሱት ልጆች በጣም በረከቱ። ለካ ልጆቹ አዋቂ ሰው ሆን ብሎ ነካክቶ ደግሞ ሲጠይቅ «መልሱ እንዲለወጥ ፈልጎ ነው» ብለው ያስባሉ። ይሉኝታ ነው በአጭሩ። የእኔው ጎበዝ ግን ይሉኝታ የለውም።

ይህን ለዶክተሩ ላስረዳ ዞር ስል የአንዱ ልጅ ጉንጭ አብጧል። ከታች ያለው ረድፍ አራት ሆኗል።

«አፍህን ክፈት።» ራሱን ነቀነቀ። ይዝናናል፣ ይስቃል፣ ይተነፍሳል። ስለዚህ አልታነቀም። ጣት ከትቶ መፈለግ ደግሞ ወደ ውስጥ ሊገፋው ስለሚችል አይሆንም፤ ይህን ተምረናል። ልክ እያሰብኩ ሳለ ከአጠገባችን ካለው ሽንት ቤት ያ የታወቀው ጥሪ መጣ።

«ሚስ! ጨረስኩ!»

በዚህ ሙያ ከዚህ የሚያስፈራ ድምፅ የለም። ያልሰማህ መስለህ ብትቆይ እየጨመረ ይሄዳል። ይባስ ብሎ ብትዘገይ ልጁ ራሱ ሊያሳይህ ይመጣል። ሞግዚቷ ጉልበቱ የደማ ልጅ ልታጥብ ወጥታለች። እኔ ባለ ቆርኪውን ትቼ ንቅንቅ አልልም። «ሚስ! ጨረስኩ አልኩሽ!» ዶክተሩን አየኋቸው። ዶክተሩም አዩኝ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ኮታቸውን አውልቀው ኬክ የተሳለበት የአንዷ ልጅ ቦርሳ ላይ ሰቀሉና ገቡ።

ከውስጥ «አንተ ማነህ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የዶክተሩ ለስለስ ያለ ምላሽ። ከዚያ «ሚስ ናት የምትጠርገኝ!»

እኔ በዚህ መሃል ጣቴን ቀጥ አድርጌ «ዛሬ ልደትህ ነው፣ ሻማውን እፍ በለው!» አልኩት። ጉንጩን ነፋ፣ እፍ! አለ። ቆርኪው ተወንጭፎ የዶክተሩ የግምገማ ቅጽ ላይ አረፈ። ልጆቹ «መልካም ልደት» እያሉ አጨበጨቡ። ዶክተሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የሱሪያቸው ጉልበት እርጥብ ሆኖ የወጡት በጭብጨባው መሃል ነበር። ለእሳቸው የተጨበጨበ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

ውጤቴን ሳይ ማመን አቃተኝ። «የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀም» በሚለው ሥር «ከሕፃናቱ የዕለት ተዕለት ሕይወት ጋር በሚገባ የተያያዘ» ብለው ሙሉ ነጥብ ሰጥተውኛል። የክፍል አያያዝ ላይ ግን ዝም ብለዋል። ከሁሉ በታች በእርሳስ፣ ለእኔ ይሁን ለትምህርት ቤቱ ሳይለይ «ሶፍት ይሟላ» የሚል አለ።

በማግስቱ ጠዋት ቁጥርጥሯ ልጅ ከምሳ ዕቃዋ የሚበልጥ ፌስታል እየጎተተች መጣች። ከፈትኩት፤ ቆርኪ ነው። ጠርዙ ገና ያልተነካ፣ ትናንት ማታ የተከፈተ የሚመስል።

«ሚስ፣» አለችኝ፣ «አባዬ ካነሰሽ ዛሬ ማታም እጠጣለሁ ብሏል።»