ኦቨን የማይፈልግ የኮኮናት ከረሜላ፦ ለገና ደብረ ብርሃን ላይ እየሞከርኩት ያለሁት

ለዘንድሮ ገና ከፈንዲሻና ከድፎ ዳቦ ጎን የሚቀርብ አንድ አዲስ የቡና ቁርስ ልጨምር ብዬ ከኅዳር ጀምሮ የኮኮናት ከረሜላ ላይ ተጠምጃለሁ። ኦቨን አይፈልግም። እሳት ላይ የሚጣድ ነገር የለውም። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። የበዓል ዋዜማ መብራት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የደረስኩበትን እነሆ።

መጀመሪያ ስለ ከተማችን። ኮኮናት ውስጥ ያለው ቅባት የሚቀልጠው 24 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ይረጋል። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ቤታችን 24 ዲግሪ የሚሞቀው መቼ ነው? ከሰል ካልተያያዘ በስተቀር በጭራሽ። ስለዚህ የተድቦለቦለውን በሳህን ደርድሮ መስኮት ሥር ማስቀመጥ ይበቃል። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አስገቢ የሚለውን መመሪያ ስትልክልኝ ሳቄ ነው የመጣው። ደብረ ብርሃን ራሷ ፍሪጅ ናት።

ከፍታው ግን ሌላ ጣጣም አለው፤ ስኳር ተቀቅሎ የሚሠራውን ከረሜላ የተውኩትም በእሱ ምክንያት ነው። እነዚያ አሠራሮች «115 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱት» ይላሉ። ቁጥሩ የተለካው ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት በባሕር ጠለል አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 115 እስኪደርስ ከጠበቅን ስኳሩ ከሚገባው በላይ ውሃውን አጥቶ ጥርስ የሚሰብር ድንጋይ ይሆናል። የግድ መቀቀል የሚፈልግ ሰው ከተጻፈው ላይ 9 ዲግሪ ያህል ይቀንስ። የእኔ ምርጫ ግን ጣጣውን ከነአካቴው መተው ነው።

ዋናው አሠራር ይኸው። 397 ግራም የሚይዝ አንድ ጣሳ ጣፋጭ ኮንደንስድ ሚልክ (ስኳር ገብቶበት የወፈረ ወተት)፣ 300 ግራም ደቃቅ የደረቀ ኮኮናት፣ ቁንጥር ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ተፈልፍሎ የተፈጨ ኮረሪማ። ለማንከባለያ ሌላ አንድ እፍኝ ኮኮናት። አለቀ። ሕንዶች ለበዓል የሚሠሩት የኮኮናት ላዱ (ድቡልቡል ጣፋጭ) ላይ ሄል ይገባል። ብራዚሎችም ቤይጂንዩ የሚሉትን ሠርተው አናቱ ላይ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ይሰኩበታል። ቅርንፉዱን ሞክሬዋለሁ፤ ለዓይን ያምራል። ግን እንግዳ ሁሉ ነቅሎ ነው የሚበላው፤ ሳያይ የነከሰውም ፊቱን ያጨማድዳል። ኮረሪማ ይሻለናል፣ ቡናውም ይወደዋል።

አሠራሩ ላይ ቁም ነገሩ ትዕግሥት ነው። ወተቱና ኮኮናቱ እንደተቀላቀሉ ሊጡ እርጥብ ይመስላል፤ እጅ ላይ ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ሌላ ኮኮናት ልጨምር ያሰኛል። አትጨምሩ። የደረቀ ኮኮናት ቀስ እያለ ነው ፈሳሽ የሚመጠው። ሸፍናችሁ 20 ደቂቃ ተዉት፣ ራሱ ይጠብቃል። ቀድሞ የተጨመረበት በማግስቱ ደርቆ ይፈረፈራል። ሻካራው ኮኮናት ደግሞ እንደ ደቃቁ አይያያዝም። ሌላ ከሌላችሁ በጁስ መፍጫ አንድ ሁለቴ አዙሩት። ከዚያ በላይ ከዞረ ቅባቱን ያወጣል።

ብርዱ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ላይ ጣሳው ውስጥ ያለው ወተት ወፍሮ ከማንኪያ አይወርድም። ከነጣሳው ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ሊጡ እያድቦለቦላችሁ ከጠጠረባችሁም ጎድጓዳ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጡት፣ ይለሰልሳል። እጃችሁን በውሃ አርጥቡ እንጂ ዘይት አትቀቡ፤ ዘይት ከተቀባ ማንከባለያው ኮኮናት አይይዝም።

ኮንደንስድ ሚልክ እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ያኔ የዱቄት ወተት ይረዳል። አንድ ኩባያ የዱቄት ወተት፣ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ሦስተኛ ኩባያ የፈላ ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የገበታ ቅቤ። በጁስ መፍጫ እስኪወፍር ይመታል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። የገበታ ቅቤ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ቤት ያለው የተነጠረ ቅቤ ኮሰረትና አብሽ አለበት። ከዶሮ ወጥ ጋር ወዳጅ ነው፣ ከኮኮናት ጋር ግን አይተዋወቁም።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ የሚፈታው ገና ላይ ነው። ወተት ያለበትን ነገር ሙሉውን ወቅት እየሠራሁ መቅመስ አልችልም ማለት ነው። ቀማሾቼ ለጾም ያልደረሱት የእህቴ ልጆች ናቸው። ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይጣፍጣል፣ ጨምሪልን!» ጨው አነሰው፣ ኮረሪማ በዛው የሚል ቀማሽ ከየት ይምጣ? ስለዚህ እኔም የምቀምሰው የጾም ዓይነት ፈለግሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁን ከዋናው ይልቅ እሱን ወድጄዋለሁ።

የጾሙ ከቴምር ነው የሚሠራው። ፍሬው የወጣለት 250 ግራም ቴምር፣ 100 ግራም ኮኮናት፣ 100 ግራም የተቆላ ለውዝ፣ ኮረሪማና ጨው። ቴምሩ የደረቀ ከሆነ ለ10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በደንብ አጥልሉት፤ ውሃ ከቀረበት ሊጡ አይጨበጥም። ሙቀጫ ከመፍጫ ይሻላል፤ ቴምር የመፍጫ ምላጭ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያስጨንቃል። ለውዙን ሸርከት አድርጋችሁ ተዉት፣ ጥርስ ላይ ይሰማል። ስኳር አይጨመርም። ቀለሙ ቡናማ ስለሆነ ነጭ ኮኮናት ላይ ሲንከባለል ያምራል። ሰፈራችን ያሉ እማማ አይተው «ልጄ፣ ይሄን ጥጥ ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። ይሄው ከዚያ ወዲህ ቡና ሲያፈሉ ልጅ ይልኩብኛል።

ነጭ ሆኖ ጾም የሆነ ለሚፈልግም መንገድ አለ። አንድ ኩባያ ኮኮናት በአንድ ተኩል ኩባያ ሙቅ ውሃ ፈጭታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጭመቁት። ከወተቱ 4 የሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ 200 ግራም የደቀቀ ስኳርና 200 ግራም ደረቅ ኮኮናት አሹበት። ስኳሩ እንደ ዱቄት መላም አለበት፤ ተራው ስኳር ሳይሟሟ ቀርቶ አፍ ውስጥ ይንኳኳል። ይሄኛው ቶሎ ስለሚበላሽ በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ።

በዓል በዓል እንዲሸት ቀለም አስገባሁበት። እንግሊዞች በነጭና በሮዝ ድርብርብ አድርገው እየቆረጡ የሚበሉት የኮኮናት ጣፋጭ አላቸው። ሮዙን ከቀይ ሥር አወጣሁት። ጥሬውን ፍቆ በጨርቅ መጭመቅ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለግማሹ ሊጥ በቂ ነው። የቀይ ሥር ቀለም እሳት ሲነካው ይደበዝዛል። እዚህ እሳት ስለሌለ ደምቆ ይቆያል። እርድም ቢጫ ይሰጣል፣ ግን ጣዕሙ ቶሎ ይጎላል፤ በማንኪያ ጫፍ ብቻ።

ይሄ ድርብርቡ ለመንገደኛም ይጠቅማል። ሸዋ ሮቢት ለሚኖሩ ዘመዶች ለመላክ አስቤ ነበር። ጣርማበርን አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ግን አየሩ ሌላ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀን ላይ ከ24 ዲግሪ በላይ መሞቅ ለእሷ ብርቅ አይደለም። በቅባቱ መርጋት ብቻ የቆመው ከረሜላ እዚያ ይላላል። ለቆላ የሚሆነው ድርብርቡ ነው፤ ለአንድ ጣሳ ኮንደንስድ ሚልክ 350 ግራም የደቀቀ ስኳርና 350 ግራም ኮኮናት ይገባበታል። ትሪ ላይ ተጠፍጥፎ፣ አድሮ፣ በቢላ ይቆረጣል። ቅባቱ ቢለሰልስ እንኳ ስኳሩ ይዞት ይቆማል። ለእኔ አፍ ግን በጣም ጣፋጭ ነው። ያለ ስኳር ቡና ካልቀረበበት ከአንድ በላይ አይበላም።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር አደራ። ኮኮናት ቅባት ስላለው የአካባቢውን ሽታ ይስባል። የዋዜማ ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ በርበሬው ይጤሳል። ቀደም ብላችሁ ሠርታችሁ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ክዳኑ ለታኅሣሥ ደረቅ አየርም ያስፈልጋል፤ ካልተከደነ ላዩ ይሰነጣጠቃል። የወተቱ ዓይነት በእኛ ብርድ አንድ ሳምንት በደህና ይቆያል። ለትንንሽ ልጆች ክቡን አትስጡ፣ ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ጠፍጥፋችሁ በትንንሹ ቁረጡላቸው።

ከጥምቀት በኋላ በኮንደንስድ ሚልኩ ፋንታ ማር ልሞክር ነው። የሚያሳስበኝ ማር ከአየር እርጥበት መሳቡ ነው፤ ላዩ ያልብ ይሆናል። በሌላ በኩል በእኛ ብርድ ማር ራሱ ይረጋልና ሊጡን ይይዘው ይሆናል። ማርና ኮኮናት ያዋሐደ ካለ ምን ያህል ማር እንዳስገባችሁ ጻፉልኝ፤ እኔ ለ300 ግራም ኮኮናት በ150 ግራም ልጀምር አስቤያለሁ።