የሥጋ ደዌን በደም ምርመራ ለመለየት ለምትጣደፉ ወላጆች

ወንድሜ የሥጋ ደዌ እንዳለበት ሲታወቅ መድኃኒቱ ወዲያው ተጀመረለት። ለ12 ወር ነው፤ በነጻ ይሰጣል። አብረነው የምንኖር ሁሉ እንድንታይም ተነገረን። እስከዚህ ደህና ነበር።

ልጄ ክንዷ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት ነበራት። አያሳክካትም፣ አያማትም። በሽታውን በጊዜ የሚለይ የደም ምርመራ አለ ሲባል ሰምቼ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። አጎቷ የሥጋ ደዌ ታካሚ መሆኑን በግልጽ ተናገርኩ። ደም ቀዱ። ገንዘብ ተቀበሉ። «ደሟ ንጹህ ነው፤ ይሄ ቋቁቻ ነው» ብለው ቅባት አዘዙ። ወረቀቱን ሳየው የተመረመረው ታይፎይድ፣ ታይፈስና የደም ሴል ቆጠራ ነው! ምልክቱን በጣቱ እንኳ የነካው ሰው የለም። እኛ ቅባቱን ስንቀባ ምልክቱ ሰፋ። አሁንም ያንገበግበኛል። የተጎዳ ነርቭ ሁልጊዜ አይመለስምና።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ጥጥ ብቻ ነው የያዘችው። «ዓይንሽን ጨፍኚና የነካሁሽን ቦታ አሳዪኝ» አለቻት። ልጄ ጉንጯን አሳየች፣ መዳፏን አሳየች። ጥጡ ምልክቱ ላይ ሲያርፍ ግን ዝም አለች። ነርሷ ክርኗ አጠገብ ያለውን ነርቭ ዳሰሰች። በቃ፣ ታወቀ።

ሐኪሙ በኋላ አስረዳኝ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ፒጂኤል-1 የሚባል ስብ መሰል ነገር በላዩ አለው። ሰውነት እሱን ለመከላከል የሚያመርተው አንቲቦዲ በደም ይለካል። አንቲቦዲው ባክቴሪያው የበዛበት ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እንደ ልጄ ጥቂት ምልክት ባላቸው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ጭራሽ ያልታመመ ሰው ላይም ሊገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ምልክት የሌላቸው የታካሚ ቤተሰቦች ባክቴሪያው እንዳለባቸው ለመለየት የሚመከር የላብራቶሪ ምርመራ የለም።

ስለዚህ ትክክለኛው የአንቲቦዲ ምርመራ ቢሠራላችሁ እንኳ «የለም» የሚል ውጤት አያረጋጋችሁ። ልብስ አስወልቆ መላ ቆዳን የማያይ ባለሙያ ዘንድ ገንዘብ አትክፈሉ።

የልጄ ምልክት ጥቂት ስለነበር መድኃኒቷ የ6 ወር ነበር። ሪፋምፒሲን በዋጠች ቀን ሽንቷ ቀልቶ ደነገጥኩ፤ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ እንዳታቋርጡ።

ለሌሎቻችን «ምልክት ካያችሁ ኑ» ተባልን። እኔ በዚህ አልስማማም። በሽታው በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ተደብቆ ይቆያል። ጀርባውን ማን ያያል? ትንሹ ልጄ አሁን ምንም የለበትም፤ ቢሆንም በየዓመቱ አሳየዋለሁ።