ለሐኪሞቼ ያልነገርኩት የጨጓራ ክኒን

እብጠቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ለማይለቀኝ ራስ ምታት ኤምአርአይ ስነሣ ከግራ ዓይኔ ጀርባ የሚያልፈው የደም ሥር ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ታየ፤ ስፋቱ 7 ሚሊሜትር። አኒዩሪዝም ይሉታል። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ሕክምናውን በቅርብ አገኘሁ። ራስ ቅሌ ሳይከፈት፣ በብሽሽቴ በገባ ቀጭን ቱቦ፣ ከሽቦ የተሸመነ ስቴንት በእብጠቱ አፍ ላይ ተዘረጋልኝ። ስቴንቱ ደሙን በዋናው መንገድ ያሳልፈዋል፤ እብጠቱ ውስጥ የቀረው ደም ቀስ በቀስ እየረጋ ይዘጋዋል። ይህ ግን ወራት ይፈጃል። የደም ሥሩ የራሱ ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ደግሞ ሽቦው ባዕድ ነገር ነውና ደም ሊረጋበት ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉትን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አስቀድሜ እንድጀምር ያዘዙኝ ለዚሁ ነበር።

ሐሳቤ ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ ስለነበር የመጀመሪያውን ችግር ችላ አልኩት። በሦስተኛው ቀን ቱቦው በገባበት ብሽሽቴ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት ወጣ። እንደሚበልዝ ነግረውኝ ስለነበር ዝም አልኩ። ማታ ገላዬን ስታጠብ እጄን ባሳርፍበት እንደ ልብ ይመታል። የበለዘ ቦታ እንዲህ አይመታም። በአልትራሳውንድ ሲታይ ቀዳዳው በደንብ ስላልገጠመ ደሙ ከደም ሥሩ ውጭ ሾልኮ ከረጢት ሠርቷል። ደም የሚያረጋ መድኃኒት በመርፌ ከረጢቱ ውስጥ ሲሰጡኝ በደቂቃዎች ውስጥ ቆመ።

ሁለተኛው በአምስተኛው ሳምንት መጣ። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቡና እየቀዳሁ ነበር። ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል፤ እያየሁት ጀበናውን የያዘው ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ታናሽ እኅቴ «እትዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለች። «እጄ» ልላት ፈለግሁ፤ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ከአፌ ግን አልወጣም። እኅቴ «ትንሽ ትረፍ» ሳትል ወዲያው 911 ደወለች። አምቡላንስ ውስጥ እጄም ንግግሬም ተመለሱ፤ «ተሽሎኛል፣ ወደ ቤት እንሂድ» ብዬ መለመኔን ሳስብ ዛሬም ያንቀጠቅጠኛል። ደርሶ የሚመለሰውን ምልክት ትልቁ ስትሮክ ሊከተለው ይችላልና።

ሆስፒታል በደም ምርመራ ክሎፒዶግሬሉ እምብዛም እየሠራልኝ እንዳልሆነ ታወቀ። የመድኃኒት ባለሙያዋ ሌላ የምወስደው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። «ለጨጓራስ?» አለች።

ኦሜፕራዞል ለዓመታት ውጬአለሁ። ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ኩሽና ውስጥ ከስኳሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከመድኃኒት አልቆጥረውም ነበርና ቅጹ ላይም አልጻፍኩትም። ለካ ክሎፒዶግሬል የሚሠራው ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ከለወጠው በኋላ ነው፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ያዳክማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁለቱ አብረው እንዳይወሰዱ ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በተፈጥሯቸው ይህ ኢንዛይም የሚደክምባቸው ሰዎችም ስላሉ፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑ በደም ምርመራ ይታይ እንደሆነ ስቴንት የሚገባለት ሰው ሁሉ ቢጠይቅ እወዳለሁ።

መድኃኒቴ በቲካግሬሎር ተተካ፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት፣ ከ81 ሚሊግራም አስፕሪን ጋር። ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። ክኒኑን እስከ 9 ሰዓት ላቆየው አስቤ ነበር፤ ደግነቱ ለንስሐ አባቴ አስቀድሜ ነገርኳቸው። «በሰዓቱ በውኃ ዋጪው ልጄ፣ ጸሎትሽን አታቋርጪ» አሉኝ። ጸበል ገብተው ክኒን ያቆሙ ሰዎችን አውቃለሁና፣ ስቴንት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አንድም ቀን እንዳያቆም እማጸናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለቀጠሮ ስሄድ ስም ዝርዝር አልጽፍም፤ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ፤ እኅቴ ለጉንፋን የምታፈላልኝን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር። ራሴን ሲያመኝ የምውጠውን አይቡፕሮፌን ሐኪሙ ያወጣልኝ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ነው፤ የአስፕሪኑን ሥራ ያደናቅፋል፣ መድማትንም ያባብሳል።

በስድስተኛው ወር በእጅ አንጓዬ በኩል በገባ ቱቦ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም የደም ሥር ምስል፣ ተነሣሁ። እብጠቱ ተዘግቷል። ስቴንቱ ውስጥ ግን ደም ሥሩ በመጠኑ ጠቧል፤ የሚያሠጋ አይደለም ብለውኛል፤ አስፕሪኑ ይቀጥላል፣ በዓመቱ ደግሞ ዳግመኛ ይታያል።