ሐረር ላይ የተበየደው ክታብ

አያቴ ሲያርፉ ለእኔ የደረሰችኝ አመልካች ጣት የምታህል የብር ክታብ ናት። በጥቁር ክር ታስራ ዘወትር ከአንገታቸው የማትወርድ ነበረች፤ ማንጠልጠያ ቀለበቷ የተሰበረው እኔ እጅ ከገባች በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጌጣጌጥ አዳሽ በማጣበቂያ ለጥፎ የሙሉ ሥራ ዋጋ ተቀበለኝ፤ በሳምንቱ ቀለበቷ ተመልሳ ወለቀች። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ በተላክሁ ጊዜ ክታቧን በመሐረብ ጠቅልዬ ያዝኋት፤ ብር የሚያውቅ ሰው ከፈለግሽ ሐረር ሂጂ ብለውኝ ነበርና።

ከድሬዳዋ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ይሁንና መንገዱ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ የደንገጎን አቀበት እየተጠማዘዘ የሚወጣ በመሆኑ፣ ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሸሚዙን ከፍቶ ጀምሮ ጋቢ እየፈለገ ይጨርሳል። የተሳፈርሁበት ሚኒባስ መስተዋት ላይ ሙስበሃ፣ ሰማያዊ የዓይን ቅርጽ ያለባት ጠጠርና አንድ እግር የሕፃን ጫማ ተንጠልጥለው ነበር። ሾፌሩ መታጠፊያዎቹን የሚወስድበትን ፍጥነት ሳይ ሦስቱም ለምን እንዳስፈለጉት ገባኝ።

ሐረር እንደደረስሁ ብር አንጥረኛውን ከመፈለጌ በፊት በሸዋ በር ገበያ ቆየሁ። ዕጣንና ከርቤ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ አንዲት እናት በጨርቅ ላይ አምባሮች ዘርግተዋል፤ ለቁርጥማት ይሆናል የሚባለው የመዳብ አምባር፣ በዛጎል የተሰካ የቆዳ ማሰሪያ፣ ከውጭ የሚገባው ሰማያዊ ዓይን ያለበት የፕላስቲክ አምባር፣ እንዲሁም ለአራስ ልጅ እጅ የሚሆን በጥቁር ክር የተሰካ ጥቃቅን ጨሌ። ጨሌውን አንሥቼ ምን እንደሚሠራ ጠየቅኋቸው።

«ለዓይን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ልጅ ሲያምር ሰው ያያል፤ ማየት አይከለከልም። ዓይኑ መጀመሪያ ጨሌው ላይ ይረፍ፣ ልጁ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል።»

ስለ ቡዳና ስለ ዓይን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ብኖርም፣ የመከላከያውን አሠራር በዚህ ዓይነት ግልጽነት የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሕፃን ጌጥ ለምን ጥቁር ወይም ደማቅ እንደሚሆን፣ ዛጎልስ ለምን ግንባር ላይ እንደሚንጠለጠል የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ጌጡ የሚደረገው ልጁን ለማሳመር ሳይሆን እይታውን ለማሳት ነው። እርግጥ ከጌጥ በፊት ቃል አለ። እዚህ ሕፃን አይቶ «ማሻአላህ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ በእኛ በኩል ደግሞ አሮጊቶች «እንትፍ እንትፍ፣ ከዓይን ያውጣህ» ይላሉ። ሴትዮዋ ራሳቸው ከሸቀጣቸው አንዱንም አላደረጉም፤ ምክንያቱን ብጠይቃቸው «እኔን ማን ያየኛል!» ብለው ሳቁ። ለእህቴ ልጅ አንድ ጨሌ ገዛሁ። የፕላስቲኩን ዓይን ግን አልወደድሁትም፤ እይታን ያስታል የተባለው ነገር ራሱ እንዲህ ሲያፈጥ ያስጨንቃል።

ከገበያው በግንብ ወደታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ወደ ጀጎል ገባሁ። የከተማው ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ ይነገርለታል፤ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ግንቡን ለጠላት ሠርተውት ሳለ፣ ከሥሩ ጅብ የሚሾልክባቸውን ቀዳዳዎች ትተዋል። የአገሬው ሰው እንደሚለው ጅብ ማታ ገብቶ ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ጂኒውንም ጠራርጎ ይወጣል። ስለዚህ ከተማው ለሰው ዓይንና ለሰው ጦር ግንብ፣ ለማይታየው ደግሞ ጅብ አለው ማለት ነው። በዐረብኛ ክታብ ሒርዝ ይባላል፤ ቃሉ መጠበቂያ፣ ነገር ተሸሽጎ የሚቀመጥበት ስፍራ የሚል ትርጉም አለው። በጠባቧ መንገድ በሁለት ግንብ መካከል ስሄድ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም።

ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ያለውን የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም በጥድፊያ ነው ያየሁት። የብር ጌጡ፣ የእጅ ጽሑፉና ሳንቲሙ ቀን ሙሉ የሚያስቆም ነው፤ እኔ ግን ልቤ አንጥረኛው ጋ ነበር።

አንጥረኛው በመኪና ግርግር፣ ማለትም የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ቀኑን ሙሉ በሚንጫጫበት መንገድ፣ ወደ ውስጥ ገባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ የገፉ ሰው ናቸው። ክታቧን ከመሐረቡ ሳወጣት በጣታቸው መዝነው፣ ጫፏን በጥፍራቸው ፈተጉና «ይህ ማርትሬዛ ነው» አሉ። በአያቴ ዘመን የብር ጌጥ የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ማኅተም ያለበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን የኦስትሪያ ብር ይቀልጥና አምባር፣ ድሪ፣ መስቀል ወይም የክታብ ማኅደር ይሆናል። ብሩ ከመቶ 83 እጅ ያህል ንጹሕ ስለሆነ ለመዶሻ ይመቻል፤ የቀረው መዳብ ያጠነክረዋል።

«ማን ሠራት?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባቴ። ጎጃም ነው የተሠራችው።»

ይህን ስናገር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአያቴ አገር ቡዳ እየተባለ የሚፈራው፣ ሰው ከቤቱ ደጃፍ የሚሸሸው፣ ከሁሉ በፊት ቀጥቃጩ ነበር። ከቡዳ የምትጠብቀውን የብር ማኅደር የሚሠራላቸውም ያው በእሳት የሚሠራው ሰው ነው። እናቶቻችን ይህን አጥተውት አይመስለኝም፤ ሌላ የሚሠራ ስላልነበረ ብቻ ዝም ብለው ተቀብለውታል።

ሽማግሌው ክታቧን ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁና «ውስጧ ብራና አለ። በእሳት ከበየድኋት ይቃጠላል፤ መውጣት አለበት» አሉ። በእርሳስ የተደፈነውን ክዳን በቀጭን መርፌ ዙሪያውን ፈልቅቀው ከከፈቱ በኋላ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ክታቧን ወደ እኔ ገፉና «ውስጡን እኔ አላወጣውም። የእናንተ ነው፤ አንቺ አውጪው» ብለው ፊታቸውን ወደ ከሰሉ አዞሩ።

በቤተሰባችን ማንም ከፍቷት አያውቅም። ብራናው ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ ስለነበር በሁለት ጣት እየጎተትሁ ሳወጣው ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ ስፋቱ ከሦስት ጣት አይበልጥም፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ ያህል ነው። ደብተራዎች ለባለጸጋ የሚጽፉት ሙሉ ጥቅልል በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆን ነበር፣ ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር እንዲሸፍነው፤ የአያቴ ግን የድሃ ሰው ክታብ ናት። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ሆኖ የአምላክ ስሞች በቀይ ናቸው፤ ራስጌው ላይ ዓይናቸው ያፈጠጠ ጠልሰም ተሥሏል። የቻልሁትን ያህል አነበብሁ፦ «ጸሎት በእንተ ሕማመ ባርያ ወሌጌዎን»፣ አጋንንት ስለሚያመጡት ሕመም የሚጸለይ ማለት ነው፤ ዝቅ ብሎ የቅዱስ ሱስንዮስና ሕፃናትን የምትገድለው የውርዝልያ ታሪክ አለ። በመጨረሻ «ለአመትከ ወለተ ጊዮርጊስ»፣ ለሴት አገልጋይህ ለወለተ ጊዮርጊስ ይላል። የአያቴ የክርስትና ስም ነው።

ስሙ ያረፈበት ቦታ ግን ሻካራ ነው፤ በቢላዋ የተፋቀ ብራና በጣት ይታወቃል። መለስ ብዬ ሳይ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቱ ላይ «ለአመትከ» ተስተካክሎ ሲጻፍ፣ በሦስተኛው ላይ ግን ጸሐፊው ስሙን ፍቆ «ለገብርከ»፣ ለወንድ አገልጋይህ የሚለውን ሳይፍቅ ትቶታል። ከአያቴ በፊት ክታቧ የአንድ ወንድ ነበረች ማለት ነው። ማን ይሆን? ገዝተዋት ነው፣ ወርሰዋት ነው? ከእንግዲህ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ብራናውን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ስጠብቅ ሽማግሌው ቀለበቷን በጉጠት ይዘው፣ ቦራክስ ነስንሰው፣ በእሳቱ ላይ በቀጭኑ ቱቦ ነፉ። ብየዳው ቀልጦ ሲሮጥ እንደ ውሃ አበራ። እሳቱ እስኪበርድ የነበረውን ጊዜ በወሬ ሞላነው፤ አንጠልጥልልኝ እያለ ሒርዝ የሚያመጣም፣ ክታብ የሚያመጣም እኩል እንደሚመጣላቸው ነገሩኝ። «ኡለማዎቹ አይወዱትም፣ ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው የሚሉ አሉ፤ ቁርኣን ብቻ ከሆነ ግድ የለም የሚሉም አሉ። የእናንተም ቄሶች ይቆጣሉ አሉ። እኔ ማኅደሩን እንጂ ውስጡን አልሠራም» አሉ። ስለ ቄሶቹ እውነታቸውን ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጠንቋይና በአስማተኛ ላይ ጽኑ ዘመቻ ቢያደርጉም፣ ደብተራው እስከ አያቴ ዘመን ድረስ ቀለሙን እየበጠበጠ ነበር።

በሎሚ አሽተው ካጸዷት በኋላ ብራናውን ጠቅልዬ መለስሁ። ሁለት ጊዜ አልገባ አለኝ፤ እሳቸው አሁንም አልነኩትም፣ «ወደ ቀኝ አጥብቂው» ብቻ አሉኝ። ክዳኑን በእርሳስ ፈንታ በሰም ደፈኑት። «ሌላ ሰው መክፈት ቢፈልግ እንዳይቸገር» አሉ። ለሥራው የጠየቁኝ አዲስ አበባ ለማጣበቂያው ከከፈልሁት ያነሰ ነው።

ወደ ድሬዳዋ ስወርድ መሸ። ክታቧ አንገቴ ላይ ነበረች፤ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ እንደገና ብትወድቅ ብዬ ነው እንጂ፣ ብራናው ላይ የእኔ ስም የለም።