የተውሶ አፍ

ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ምክንያት አልፈለግኩለትም፤ ነሐሴ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆድ ለመባባት ምክንያት አይጠይቅም። ጠዋት የጀመረው ዝናብ አላባራም፣ መብራት እንደተለመደው የለም፣ ፍልሰታም ስለሆነ ከየጎረቤቱ የሚመጣው ሽታ ሽሮ ብቻ ነው።

የላፕቶፑ ባትሪ ሳያልቅ ቅጹን ልሙላ ብዬ ቁጭ አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆች ጋር የምንሠራው የአሻንጉሊት ትርኢት ሪፖርት ነው፤ የምታውቁት ጣጣ። ከሠንጠረዦቹ አንዱ «በራስ መተማመናቸው ያደገ ልጆች ብዛት፤ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር» ይላል። ድምር! በራስ መተማመን የሚሰፈረው በቁና ነው በጣሳ? ያን ባዶ ሳጥን እያየሁ ከልጆቻችን ስለ አንዷ ማሰብ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ሪፖርት የሚባል ነገር ከነመኖሩም ተረሳኝ።

ስሟን ሲጠይቋት የነጠላዋን ጫፍ የምታኝክ ልጅ ናት። ከልጆቹ ሁሉ አሻንጉሊት የሚታዘዘው ለእሷ ነው። ሌሎቹ አሻንጉሊቱን ሊያናግሩ ሲሉ አራቱን ጣቶቻቸውን ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ ያኔ አሻንጉሊቱ ኮርኒስ እያየ ያዛጋል እንጂ አይናገርም። ብልሃቱ ላይኛውን መንጋጋ አጽንቶ አውራ ጣትን ዝቅ ማድረግ ነው። አንጓንም ትንሽ ሰበር ማድረግ ያስፈልጋል፣ ዓይኑ ከተመልካች ዓይን እንዲገጥም። ክንድ ይዝላል፣ ትከሻ ይቃጠላል። እሷ ግን ማንም ሳይነግራት ገባት። ፊደል ያስቆጠራት ሰው ይመስገንና ራብዕ ላይ አፉን በሰፊው ትከፍተዋለች፣ ሳድስ ላይ ትገጥመዋለች። ከጀርባዋ ሆኜ ሳያት ሀሁን በእጇ የምታነብ ይመስለኛል።

አሻንጉሊቷ ከአንድ እግር ካልሲ የተሠራች ናት። ዓይኗ የካፖርት ቁልፍ፣ ጸጉሯ የበግ ለምድ ቁራጭ። ልጆቹ እትዬ ለፍላፊ ብለው ስም አወጡላት። የትርኢቱ ቀን፣ ከከተማው ወጣ ባለችው ቀበሌ አዳራሽ፣ ገመድ ላይ ከተሰጣው ጋቢ በላይ ብቅ አለችና «ውኃ የምቀዳ እኔ፣ ጭራሮ የምለቅም እኔ፣ እበት የምጠፈጥፍ እኔ! ወንድሜ እግር የለውም? ወይስ ኳስ ሲያይ ነው የሚበቅልለት?» አለች። አዳራሹ በሳቅ አበደ። አባትየው ጉልበቱን እየመታ ነው የሳቀ። ልጅቷ ጋቢው ሳይኖር ያንኑ ብትናገር ማታ ቤት የሚጠብቃትን እናንተው አስቡት።

ሰው ሲበተን እናትየዋ ወደ ኋላ ቀረት አለች።

«አንች ልጅ፣ እስቲ ያችን አሻንጉሊት ለአንድ ማታ አውሽኝ።»

«ለልጆቹ ነው እታለም?»

«የለም፣ ለራሴ ነው።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።

ይኼ «ለራሴ ነው» የሚለው ነገር ነው እናናን ያመጣብኝ። እናና የእናቴ እናት ናት፣ ነፍሷን ይማረው። እናቴ እንደምታወራው እናና በባሏ ፊት ቀና ብላ አይታ አታውቅም። ዛሯ ሲነሣባት ግን ድምፅዋ ይወፍርና «ፈረሴን አጎሳቁለሃታል! ዘንድሮ ጥበብ ካላለበስካት ወዮልህ!» ትላለች። ይላል፣ ልበል እንጂ፤ የሚናገረው ዛሩ ነው፣ ዛሩም ወንድ ነው፣ እናና ፈረሱ ናት። አያቴ፣ በሬው ቢሰረቅ ጠመንጃ አንግቶ ወንዝ ለወንዝ ያደረው ሰውዬ፣ እጁን አጣምሮ «እሺ ጌታዬ» ይላል። ጥበቡ ተገዛ። ግድግዳችን ላይ ባለው ፎቶ የለበሰችው እሱን ነው። የነፍስ አባቷ ነገሩን አልወደዱትም፤ ጠበል ሲያስጠምቋት ከርመው በመጨረሻ ዛሩ ለቀቃት ተባለ። ጥበብ መግዛቱም አብሮ ቀረ።

ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሰንብቶ ባለዛሮቹን ሲያይና ሲጽፍ ከርሟል። በ1958 ደግሞ ነገሩ ከቴአትር ጋር ያለውን ዝምድና አንሥቶ፣ ሰው የሚጫወተው ቴአትርና የሚኖረው ቴአትር ድንበራቸው የት ላይ እንደሆነ ጻፈ። እናና ይኼን ብትሰማ ትስቅ ነበር። ዛሯ ግን የሚስቅ አይመስለኝም።

ሳስበው ሳስበው፣ እኛ ጎጃሞች ድፍረታችን ሁልጊዜ የተውሶ ነው። (ቅኔውን አላነሣም፤ እሱን ሁሉም ያነሣዋል።) ያበደረውን ብር መጠየቅ ያፈረ ሰው አዝማሪ ቤት ይገባና «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ ነገሩ ከማሲንቆው ጋር ሄዶ ባለዕዳው ጆሮ ይገባል፣ ማንም ማንንም አልተናገረም። አንገቷን ደፍታ ያደገች ልጅ በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ልትነቅል መስክ ስትወርድ የምታወጣውን ድምፅ እናቷ ብትሰማው የሌላ ሰው ልጅ ትመስላታለች። ሰላም በሉ ሲባል ከእናቱ ቀሚስ ሥር የሚገባው ማሙሽ፣ ቡሄ ሲመጣ የማያውቀው ሰው ደጅ ላይ ዱላውን እየወቀጠ ሙልሙል አምጡ ይላል።

እኔም ከዚህ አላመልጥም። ፀረ ኤድስ ክበብ በነበረን ጊዜ በጭውውት ላይ ሰካራም አባት ሆኜ እጫወት ነበር፤ የአባዬ ኮት፣ በከሰል የተሣለ ጢም። አባባ ተስፋዬ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይሠሩ እንደነበር የሰማሁ ዕለት ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፤ እሳቸው በቀሚስ፣ እኔ በኮት። እዚያ ኮት ውስጥ ሆኜ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን ርዕሰ መምህር ሳይቀር አንባርቄባቸዋለሁ። በማግስቱ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ መልሱን እያወቅኩ እጄን ማውጣት አቃተኝ። ድፍረቱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል።

አሠልጣኛችን ለዚህ መልስ ነበራት። መጀመሪያ አሻንጉሊት፣ ቀጥሎ ጭምብል፣ በመጨረሻ ባዶ ፊት ትለናለች። ስለ ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የነገረችንም እሷ ናት። የሰውዬው ቴአትር ላይ ተመልካቹ ጨዋታውን «ቁም!» ብሎ ያስቆማል፤ ከዚያ የተበደለውን ተዋናይ አስወጥቶ ራሱ ይገባና ሌላ መንገድ ይሞክራል። እኛም እስቲ ብለን ሞከርነው። ባል የበጉን ዋጋ ጠጥቶበት መጥቷል፣ ሚስት ታለቅሳለች። «ማነው ገብቶ ሚስቲቱን የሚሆን?» አልን። ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ምክር ይወረውራል እንጂ የሚነሣ የለም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ። እኛ ሚስቲቱን ሊጫወቱ መስሎን እልል ልንል ምንም አልቀረን! ሁለቱን ተዋናዮች ቁጭ አደረጓቸውና አስታረቋቸው። ባልየውን ወቀሱ፣ ሚስትየዋንም ለሚዛኑ ያህል ትንሽ ወቀሱ፣ ጉልበት አሳሙ፣ መረቁ። ተመልካቹ አሜን ብሎ ብድግ አለ። ትርኢቱ አለቀ፤ እኛ ያዘጋጀነው ሁለተኛ ክፍል እስከ ዛሬ አልታየም። ቦአል ይኼን ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ፤ እኔ ግን እስካሁን ካየሁት ቴአትር ሁሉ ያን ያህል የወደድኩት የለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጆቹን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን አሳደግናቸው፣ ጊዜውም ጊዜ ሆኖ ዝምታን በላይ በላዩ አስተማራቸው፤ ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት እጃቸውን ካልሲ አልብሰን ተናገሩ እንላቸዋለን። እሺ፣ ይናገራሉ። ካልሲው ሲወልቅስ? ደግሞስ መውለቅ አለበት ያለው ማነው? እናና ባዶ ፊቷን ከቀረች በኋላ ጥበብ አላገኘችም እኮ።

ልጅቷን በቀደም የምንጩ መንገድ ላይ አገኘኋትና «እንዴት ነሽ?» አልኳት። ነጠላዋን አኘከች። ቆየችና ባዶ እጇን አነሣች፤ ካልሲ የለ፣ ቁልፍ የለ። አራቱን ጣቶቿን አጽንታ አውራ ጣቷን ዝቅ አደረገችና «ደህና ነኝ፣ አንችስ?» አለችኝ። ድምፁ የእትዬ ለፍላፊ ነው። ይኼ በየትኛው ሳጥን ይገባል? ሴት፣ አንድ እጅ?

ይኼን ሁሉ የምለፈልፈው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ዕድር ስብሰባ ላይ ተራዬ ሲደርስ «የቀደሙት ተናግረውታል» ብዬ የምቀመጠው። እዚህስ ቢሆን በብዕር ስምና በአደይ አበባ ፎቶ አይደል? እናንተ ጥቂቶቹ ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ፣ አባዬ ግን አያውቅም። ለካስ ታናሼ ማታ ማታ ከስልኩ እየከፈተ ያነብለታል። ያለፈውን ጽሑፍ ሰምቶ «ደፋር ናት ይች! የማን ልጅ ትሆን?» አለው አሉ። ታናሼ አፉን ለመዝጋት የመቶ ብር ካርድ ጠየቀኝ። ላክሁለት።