ላይብረሪያችን ከካውንቲው ጋር ይቀላቀል? መጀመሪያ የታክሱን ነገር ጠይቁ

የምኖረው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የከተማችን ላይብረሪ ለብቻው ይቀጥል ወይስ ከካውንቲው የላይብረሪ ድስትሪክት (ብዙ ከተሞችን በአንድ አስተዳደር የሚያገለግል የላይብረሪ ተቋም) ጋር ይቀላቀል የሚለውን እንዲያጠና የነዋሪዎች ኮሚቴ ሲቋቋም እኔም ገባሁበት። ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ጥያቄ በሌሎች ከተሞችም ስለሚነሳ ነው። ያን ጊዜ «ይቺን ነገር አስቀድመህ ያዝ» የሚለኝ ሰው ባገኝ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

«የፈረንጅ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ወጥተው ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ የሚቆዩት እዚያ ነው። እናቶቻችን ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑት እዚያ ነው። ቅጽ ፕሪንት የምናደርገው፣ ሥራ የምናመለክተው እዚያ ነው። የእድራችን ስብሰባም የሚካሄደው በላይብረሪው አዳራሽ ነው፣ ያውም በነፃ።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነበር። የሁለቱን አገልግሎት ጎን ለጎን አስቀመጥን። የሥራ ሰዓት፣ የመጽሐፍ ብዛት፣ ኮምፒውተር፣ ኢ-መጽሐፍ። ድስትሪክቱ በሁሉም በለጠ። ይህን ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም ነበር።

አንዲት የኮሚቴው አባል «ትልቁ ውስጥ ስትገቡ የናንተ ቋንቋ ይረሳል» ብላ ሰጋችልን። በቅንነት ነው ያለችው። እኔ ግን አልተስማማሁም። ትንሽ ከተማ ለጥቂት አንባቢ ብላ የአማርኛ መጽሐፍ አትገዛም። ብትገዛም መዝግቦ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥላት አማርኛ የሚያነብ ሠራተኛ የላትም። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድስትሪክት ግን አንዴ ገዝቶ ለየከተማው አንባቢ ማዞር ይችላል። በዚህ በኩል መቀላቀል ለእኛ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አሁንም አቋሜ ያው ነው።

ሂደቱም አይከብድም። የከተማው ምክር ቤት መቀላቀል እንደሚፈልግ ደንብ አውጥቶ ያጸድቃል። የድስትሪክቱ ቦርድ ይስማማል። ከዚያ ነዋሪው ድምፅ ይሰጣል። ከግማሽ በላይ «አዎ» ካለ አለቀ።

ችግሩ የመጣው በገንዘቡ ነው።

በዚህ ስቴት የላይብረሪ ድስትሪክት የራሱን የቤት ታክስ ይሰበስባል። የታክሱ ጣሪያ፣ ማለትም ከፍተኛው ልክ፣ ከቤቱ ግምት በየ1,000 ዶላሩ 50 ሳንቲም ነው። ቤቱ 600,000 ዶላር የተገመተ ሰው፣ ተመኑ ጣሪያው ላይ ከደረሰ በዓመት 300 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ተከራይም «እኔን አይመለከተኝም» አይበል። አከራዩ ውሎ አድሮ ኪራዩ ላይ ያስገባታል።

ለላይብረሪ ታክስ መክፈል አይቆጨኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነበር። እስከዚያ ድረስ የላይብረሪው ወጪ የሚሸፈነው ከከተማው ጠቅላላ በጀት ነው። እሱንም የምንከፍለው እኛው ነን። ላይብረሪው ወደ ድስትሪክቱ ሲሄድ ያ ገንዘብ ከተማው እጅ ላይ ይቀራል። ታዲያ ከተማው በዚያው ልክ ታክሱን ይቀንስልናል? ወይስ ሁለቱንም እንከፍላለን?

ስብሰባ ላይ ጠየቅኩ። አንድ ኃላፊ «አትጨነቅ፣ ሕጉ ራሱ ያስቀንሰዋል» አለኝ። ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ። እኔ ግን ቤቴ ሄጄ ሕጉን አነበብኩት። ሕጉ የሚለው የከተማው ታክስና የላይብረሪው ታክስ ተደምረው በየ1,000 ዶላሩ ከ3 ዶላር ከ60 ሳንቲም መብለጥ የለባቸውም ነው። ስለዚህ ሕጉ የሚያስቀንሰው ከተማው ጣሪያው አካባቢ ከደረሰ ብቻ ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ከጣሪያው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ምክንያቱም ከተማው የሚሰበስበው የቤት ታክስ፣ አዲስ ግንባታን ሳይጨምር፣ ያለ ሕዝብ ድምፅ በዓመት ከ1 ከመቶ በላይ እንዳያድግ ሌላ ሕግ ይገድበዋል። የቤት ዋጋ ግን ከዚያ በላይ ሲሮጥ ኖሯል። በየ1,000 ዶላሩ የሚደርሰው ተመን እየወረደ የመጣው ለዚህ ነው። 50 ሳንቲሟ ብትጨመርበትም ጣሪያውን አይነካም። ሕጉ ምንም አያስቀንስልንም።

ይህን ይዤ ተመለስኩ። ኃላፊው አሁን «የምክር ቤቱ ውሳኔ ነው» አለኝ። የምክር ቤቱን አባል ስጠይቅ «ባለሙያዎቹ እየሠሩበት ነው» አለችኝ። ባለሙያዎቹ አንድ ሰንጠረዥ ላኩልን። አንደኛው ረድፍ ላይ «ለከተማው የሚቀር ገንዘብ» ይላል። ለምን እንደሚውል ግን አንድ ቃል የለበትም።

እድር ላይ አንድ ጋሼ የምንላቸው አባት «ልጄ፣ ሌላውን ተወውና ታክሱ ስንት ይጨምራል? እሷን ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። «እየጠየቅኩ ነው ጋሼ» አልኳቸው። በሚቀጥለው ስብሰባም መልሴ ያው ነበር። ትልቅ ሰው ጠይቆኝ፣ መልሱ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ እያለ፣ ዝም ለማለት መገደዴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ በሕዝብ መረጃ ሕጉ መሠረት በጽሑፍ ጠየቅኩ። ይህ ሕግ እዚህ ስቴት ውስጥ በ1972 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ልብ በሉ፣ «መልስ» ማለት ሰነዱ ማለት አይደለም። «ጥያቄህ ደርሶናል፣ ጊዜ እንፈልጋለን» ማለትም እንደ መልስ ይቆጠራል። እኔም ያገኘሁት እሱን ነው። ሰነዱ ሲመጣ የኮሚቴው ሪፖርት ማስረከቢያ ደርሷል።

ሰነዱ ውስጥ የቀጣዮቹ ዓመታት የበጀት ትንበያ ነበረበት። የላይብረሪው ገንዘብ ለመንገድ ጥገናና ለሌሎች የበጀት ጉድለቶች አስቀድሞ ተመድቧል። ሕዝቡ ገና ድምፅ ሳይሰጥ! መንገድ መጠገኑን አልጠላሁም። ግን በላይብረሪ ስም የመንገድ ታክስ እንደምንከፍል ሊነገረን ይገባ ነበር። ነዋሪው በግልጽ ቢጠየቅ ምናልባት እሺ ይል ነበር።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ለአንድ ተናጋሪ የምትሰጠው ሦስት ደቂቃ ናት። ንግግር አላዘጋጀሁም። የበጀት ትንበያው ያለባትን ገጽ እንዳለች አነበብኳት። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚህች ቀን እኮራለሁ።

የኮሚቴያችን ሪፖርት «እንቀላቀል፣ ግን ታክሱ በልኩ እንደሚቀንስ በጽሑፍ ይጽደቅ፣ የሕንፃውም ጉዳይ በውል ይታሰር» የሚል ነበር። ምክር ቤቱ «እንቀላቀል» የምትለዋን ወሰደ። ቅድመ ሁኔታዎቹን አባሪ ውስጥ ከተታቸው። ድምፁ ተሰጠ፣ «አዎ» አሸነፈ። በመጀመሪያው ዓመት ታክሱ የተወሰነ ተቀነሰ፤ ሙሉው ግን አይደለም። ያቺ ገጽ ባትነበብ እሱም እንደማይገኝ እርግጠኛ ነኝ።

ስለ ሕንፃው ያሳሰበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ሲያትል አጠገብ ያለችው ሬንተን በ2010 ከኪንግ ካውንቲ ላይብረሪ ጋር ለመቀላቀል የወሰነችው በ53 ድምፅ ብልጫ ነው። ከዚያ በኋላ ሲዳር ወንዝ ላይ የተሠራው የ1966ቱ ላይብረሪ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር ሲባል ነዋሪው ተነሳ። በ2012 ሌላ ድምፅ ተሰጥቶ ወንዙ ላይ እንዲቆይ ተወሰነ። የቦታው ጉዳይ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ቢታሰር ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር ባልነበረ።

መቀላቀል የሚያድንበት ጊዜ ደግሞ አለ። ሚኒያፖሊስ በጀት አጥሯት በ2006 መጨረሻ ሦስት ቅርንጫፎች ዘጋች። በ2008 ከሄነፒን ካውንቲ ጋር ስትቀላቀል የተዘጉት ተከፈቱ። ከተማችሁ እዚያ ደረጃ ከደረሰ ብዙ አታመንቱ። የእኛ ግን አልደረሰም ነበር፤ ለመደራደር ጊዜ ነበረን።

ለኮሚቴያችን የቀረበው ምርጫ «መቀላቀል ወይም አለመቀላቀል» ብቻ ነበር። ሦስተኛ መንገድ አለ። የሲያትል ላይብረሪና የኪንግ ካውንቲ ላይብረሪ ለየብቻ ናቸው፤ ግን በስምምነት የአንዱ ነዋሪ ከሌላውም ይዋሳል። ከተማው እየከፈለ ድስትሪክቱ አገልግሎት የሚሰጥበት ውልም በሕግ ይቻላል። እነዚህን ካልጠየቃችሁ ማንም አያነሳላችሁም።

መውጫውንም እወቁ። በዚህ ስቴት ሕግ ከተቀላቀሉ በኋላ ለመውጣት ቢያንስ 3 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውንም ለሕዝብ የሚያቀርበው ምክር ቤቱ ነው። የድስትሪክቱን ቦርድ ደግሞ የሚሾመው ካውንቲው ነው። ለእናንተ ከተማ ወንበር ይኖራል ብላችሁ አታስቡ።

ባለሥልጣናቱ «የመራጮችን ቡክሌት አንብባችሁ ወስኑ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቡክሌቱ ቤታችሁ ሲደርስ ውሉ አልቋል፤ የቀራችሁ አዎ ወይም አይ ማለት ነው። መሄድ ያለባችሁ ደንቡ ምክር ቤት ውስጥ ሲረቀቅ ነው። በዳሰሳ ጥናት መጀመርም አይረባም። ዋጋው ሳይነገረው የተጠየቀ ሰው ሁሉ ረዘም ያለ ሰዓትና ብዙ መጽሐፍ እፈልጋለሁ ይላል። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ድምፅ መስጠት ባትችሉም ምክር ቤት ፊት መናገር ትችላላችሁ። «ዜጋ አይደለሁም» ብሎ የቀረ ሰው በዝቶብን ነበር።

ያልተቀነሰውን ታክስ ጉዳይ ለመጪው የበጀት ስብሰባ ይዘነዋል። ጋሼ ሊናገሩ ተመዝግበዋል። በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።