«ዳ»ን ለማንበብ ከ«ደ» የምትነሳ ልጅ

ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ወንበር ላይ አቆምናትና ፊደል አስቆጠርናት። ከ«ሀ» እስከ «ፐ»፣ አንድም ሳትስት፣ በዜማ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ባለቤቴ በስልኩ ቀረጸ። ቪዲዮውን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ላክሁት፤ ካናዳ ላለችው እህቴማ ሁለት ጊዜ። ከሥሩ «ማንበብ ቻለች!» ብዬ ጻፍኩበት።

አልቻለችም። ይህን ያወቅኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳቦ ልንገዛ ስንሄድ ነው።

የምንኖረው ጀሞ ነው። ከቤታችን ጥግ ያለው ሱቅ በር ላይ በቀይ ቀለም «ዳቦ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። ሰልፍ ነበር። ጊዜ ለመግፋት ያህል «ሚጣ፣ እስኪ ያንን አንብቢልኝ» አልኳት። ጣቷን ቀሰረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ... ዳ!»

ደስ ብሏት ቀና ብላ አየችኝ። ወደሚቀጥለው ሄደች። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ... ቦ!»

«ጎበዝ! አንድ ላይ ሲሆንስ?»

ዝም። የመጀመሪያውን ረስታዋለች። እንደገና ከ«ደ» ተነሳች። ተራችን ደረሰ፣ ዳቦውን ገዛን፣ «ዳቦ» የሚለውን ቃል ግን ሳናነብ ተመለስን።

ማታ ወረቀት ቆራርጬ ፊደሎቹን ለየብቻ ጻፍኩላት። «ሙ»ን ሳሳያት ከ«መ» ተነሳች። «ኮ»ን ሳሳያት ደግሞ ተነስታ ግድግዳው ላይ ወደ ለጠፍነው ሠንጠረዥ ሄደች፤ መልኩን ፈልጋ አገኘችና መሥመሩን ከዳር ጀምራ ዘፈነችው። አንድ ሰው ዘፈን ይዞ ሳለ «አራተኛዋን ስንኝ ብቻ በል» ቢሉት ከመጀመሪያው አይደል የሚነሳው? ልጄም ያለቻት ዘፈን ናት። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231፤ 231 ድምፅ ያለው አንድ ረጅም ዘፈን። እኔ ደግሞ ማንበብ ነው ብዬ ለካናዳ ላክሁ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መምህሯ ወጣት ናት፣ ደክሟታል፣ 36 ሕፃናት ይዛለች። አልፈርድባትም። «ሠንጠረዡን እኮ ጨርሰናል» አለችኝ። ሠንጠረዥ መጨረስ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ወደ ርዕሰ መምህርቷ መራችኝ። ርዕሰ መምህርቷ በጣም ጨዋ ሴት ናቸው። ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «የኔ እመቤት፣ አማርኛ ምን ያሳስብሻል? በራሱ ይመጣል። የልጅሽ ደካማ ጎን እንግሊዝኛዋ ነው። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሯት።» ይህንኑ በኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉልኝ። ለአማርኛ ሄጄ እንግሊዝኛ ተሸክሜ ተመለስኩ።

ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ ግን ትዝም አላለኝ። ትዝ ያለኝ የከፈልኩት የተርም ክፍያና የጎረቤቴ ልጅ እንግሊዝኛ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሰባት ወር እንግሊዝኛ አወራን።

ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። እንግሊዝኛዬ ለሪፖርት ይበቃል። ለልጅ ግን እንደማይበቃ ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። «ሲት ዳውን»፣ «ኢት ዩር ፉድ»፣ «ዶንት ታች»፣ «ካም ሂር»። አንድ ቀን ምሽት ያልኳትን ሁሉ መለስ ብዬ ሳስበው አንድም ወሬ የለበትም፣ ሁሉም ትእዛዝ ነው። ከልጄ ጋር እንደ ወታደር አለቃ እያወራሁ ነበር። ሌላ ቀን ደረጃ ላይ ወደቀችና ጉልበቷ ተላጠ። እኔ ሮጬ ደርሼ ምን ብላት ጥሩ ነው? «አር ዩ ኦኬ?» ልጇ የወደቀችባት የአገራችን እናት «እኔን!» ነው የምትለው። እኔ ግን እሱን አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅማ።

በጣም የማፍርበት ደግሞ ሌላ አለ። ቤት የምታግዘን ልጅ ተረት አዋቂ ናት። ከሚጣ ጋር እንጀራ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጠው «ተረት ተረት» ስትላት «የላም በረት» የሚለው መልስ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ «በአማርኛ አታውሪያት፣ ትምህርት ቤት ከልክለዋል» አልኳት። እንግሊዝኛ ስለማትችል ዝም አለች። ቀኑን ሙሉ ከልጄ ጋር የምትውለውን ሰው አፍ ዘጋሁት።

ልጄም ቀስ በቀስ ዝም አለች። መጀመሪያ «ለምን?» ማለቷን አቆመች። በቀን መቶ ጊዜ ለምን የምትል ልጅ ስታቆም ቤቱ ይቀልላል፤ እኔም አደገች ብዬ ነበር። ከዚያ ቃላቱ መጥፋት ጀመሩ። ጎረቤታችንን «ያቺ ሴትዮ ከዚያ ቤት» ትላለች፤ «ጎረቤት» የለም። እንግሊዝኛዋም ቢሆን ያው ከእኔ የወሰደችው ነው፤ አሻንጉሊቷን አስቀምጣ «ሲት ዳውን! ዶንት ታች!» ትላታለች።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ ከሰሜን ሸዋ መጡ። የዓይን ሞራ አስቸግሯቸው ለሕክምና ነው። ሚጣ ሮጣ ሄደችና «አባባ፣ አይ ዋንት ውሃ» አለቻቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

«ውሃ ትፈልጋለች፣ አባባ።»

እሳቸው አንድ ነገር አሏት። ሚጣ ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። በአባቴና በልጄ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ተቀመጥኩ። አባቴ አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻል ነበር።

ማታ ለመካስ ይሁን ለመኩራራት እንጃ፣ የልደቱን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸው ስለማያይ ጨፍነው አዳመጡት። ሲያልቅ «ዜማው ደርሷል» አሉ፤ «ንባቡ ነው የሌለ»። አንዴ ሰምተው። እኔ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ያገኘሁትን፣ ትምህርት ቤት ሻይ ጠጥቼ ያጣሁትን።

ጠዋት ካርቶን አምጪ አሉኝ። የፓስታ ካርቶን ቀደድኩላቸው። ለራሳቸው ዓይን እንዲታይ አድርገው በማርከር ትልልቅ ፊደል ጻፉ፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር መዘው ፊደሉ ላይ አሳረፉ። ሚጣ እንደ ልማዷ «አ፣ ኡ፣ ኢ» ብላ ጀመረች። ስንጥሩ ከ«ቡ» ላይ አልነቃነቅ አለ። ዘፈኑ ተሰበረ።

አቡጊዳን እኔም ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ለቤተ ክህነት ተማሪ የሚሰጥ ሌላ የፊደል ተራ ይመስለኝ ነበር። ልብ ብላችሁ እዩት። «አ» ግዕዝ ነው፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ጊ» ሣልስ፣ «ዳ» ራብዕ፣ «ሄ» ኃምስ፣ «ው» ሳድስ፣ «ዞ» ሳብዕ። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ይቀየራል፣ ድምፁም ይቀየራል። በሀሁ ዜማ መንሸራተት አይቻልም። «የኔታ ሞኝ መሰሉሽ?» አሉኝ አባቴ። «እኛም እንዘፍን ነበር። ዘፈናችንን የሚሰብሩልን በዚህ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛው ቀረ። ለቤት አጋዣችን ይቅርታ ጠየቅኳት። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «ቤታችን አማርኛ ነው የሚነገረው» ብዬ በሰማያዊ እስክሪብቶ መለስኩ። የመጣልኝ መልስ «ልጅዎ ከክፍሏ ጋር እኩል እየሄደች አይደለም» የሚል ነው። ይሁን።

ቀሪውን በአጭሩ ልናገር፤ ሥራው ብዙ አይደለም። ግድግዳ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ገነጠልኩት። ማንም ምን ይበል፣ ለጀማሪ ልጅ ሠንጠረዥ መደበቂያ ነው። በስሟ ፊደሎች ጀመርን። ቀጥዬ ሰባቱን ቤት ትቼ ሁለቱን ብቻ ያዝኩ፦ ራብዕና ሳድስን። በሁለቱ ብቻ ስንት ቃል እንደሚጻፍ ብታዩ፦ ላም፣ ሳር፣ ማር፣ ጣት፣ ዛፍ፣ ራስ። ሁሉም ልጅ የሚያውቀው፣ የሚነካው ነገር ነው። «ላም»ን በሁለተኛው ሳምንት አነበበች። ከ«ለ» ሳትነሳ!

ካዕብ ቀላል ነው፤ «ወገቧን የያዘች» አልነው፦ ሁ፣ ሉ፣ ሙ፣ ቡ። ሣልስ እግሯን ዘረጋች፣ ኃምስ ቀለበት አደረገች። «ሩ»ና «ፉ» ሥርዓት አያከብሩም፤ «ባለጌዎቹ» ብላ ስም ያወጣችላቸው ራሷ ናት። ሳድስና ሳብዕ ግን ደንብ የላቸውም፤ አትድከሙ፣ በቃል ውስጥ እየደጋገማችሁ አሳዩ።

በሞክሼ ፊደላት ከአባቴ ጋር ተጣላን። እሳቸው ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እያሉ ለይታ እንድትጠራ ይፈልጋሉ። እኔ «ድምፃቸው አንድ ነው፣ እህትማማቾች ናቸው፣ የትኛው የት እንደሚገባ ስታድጊ ትማሪያለሽ» አልኳት። እሷ ግን ለአያቷ ስትል ስሞቹን ሁሉ ያዘች። አንዳንዱን ክርክር እንዲህ ነው የምንሸነፈው።

ሰዓት ያዙ የሚሉ አሉ፤ ግማሽ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ። የኔ ልጅ ሰባት ደቂቃ ነው የምትችለው፤ በስምንተኛው ወንበር ሥር ትገባለች። ሰባቱን ደቂቃ ወሰድኩ፣ ቀሪውን ለተረት ሰጠሁ። ተረቱን ንቄ አይደለም፣ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው እላለሁ። ቃሉን ሳታውቀው ብታነበው ምን ዋጋ አለው? «ገደል» የሚለውን ፊደል በፊደል አስተካክላ አነበበችና «ምንድን ነው?» አለችኝ። የሰባት ወሩ ዕዳ ነው። አሁን ማታ ማታ እንቆቅልሽ እንጫወታለን፤ ስትሸነፍ አገር ትሰጠኛለች፣ ሁልጊዜ ናዝሬትን። ገደል ምን እንደሆነም ከአያቷ ተረት አወቀች፤ ጅቡ ወድቆበታል።

አስተማሪ የሆነች ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግራት አልገረማትም። በ2002 ዓ.ም. በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ብዙ ልጆች አንድም ቃል ማንበብ እንዳቃታቸው ነገረችኝ። «ሠንጠረዡን ጨርሰዋል እኮ» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። የሚያስቅ ግን አልነበረም።

በራሷ፣ ሳልጠይቃት ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል የትኛው መሰላችሁ? እማዬ አይደለም፣ ኢትዮጵያም አይደለም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ አሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ፦ «ጎ-ሚ-ስ-ታ። ጎሚስታ!» ረዳቱ ሰምቶ «ጎሽ የኔ እናት» አላት። ቪዲዮ አልቀረጽኩም።

ባለፈው ሳምንት አባቴን ለክትትል ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድናቸው። አንዱ ዓይናቸው ተሠርቶ አሁን ያያሉ። ሚጣ እጃቸውን ይዛ እየመራች ግቢው በር ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ከላይ ያለውን ጽሑፍ እያንጋጠጠች አየች። አፏ አልተንቀሳቀሰም፤ ከሌላ ፊደል አልተነሳችም፤ በቀጥታ «ዋና መግቢያ» አለች። «ና»ን ግን አላልታ ነው ያነበበችው። ማጥበቅና ማላላት በፊደላችን ላይ ምልክት የለውም፤ ያንን ገና አልደረስንበትም።

ከዚያ ወደ አያቷ ቀና ብላ፣ እኔ አንቱ የምላቸውን አባቴን እሷ አንተ ነው የምትላቸው፣ በጣም ተጨንቃ ጠየቀቻቸው፦

«አባባ፣ ዓይንህን የሚያዩህ እየዋኘህ ነው እንዴ?»